ስፖንዳው ላይ ያለችው አሮጊት

ምባህ ታስሪፋህ፣ አያት ታስሪፋህ ማለት ነው፣ ወሬውን የሰማችው ከጎረቤቷ ከዩ ዋስሪ ነው። ዩ ዋስሪ ወሬ ስታመጣ እንደ ሰው ተቀምጣ አትናገርም። መጀመሪያ ስለ በርበሬ መወደድ ታነሳለች፣ ከዚያ ስለ ጉልበቷ ታማርራለች፣ በመጨረሻ «በይ ልሂድ» ብላ ተነስታ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ነው ዘወር ብላ የምትጥለው።

«ለነገሩ የልጅ ልጅሽን አየሁት» አለች ደጃፉ ላይ። «ፋትኩርን። ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበት ግቢ ውስጥ፣ ጡት ሥር ተንጋሎ።»

«ምን ሥር?»

«ጡት። ሐብሐብ ሐብሐብ የሚያካክሉ። ወላሂ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ግን መንገዱ ጉድጓድ ስላለበት እንዳልወድቅ ብዬ መልሼ ገለጥኩት።»

ታስሪፋህ የምትከትፈውን ሽንኩርት አስቀመጠች። በሰፈሩ ያሉትን ፈት ሴቶች ሁሉ በሐሳቧ አሰልፋ አንድ በአንድ በደረታቸው መዘነቻቸው። ሐብሐብ የሚደርስ አላገኘችም።

«የማን ልጅ ናት?»

«የማንም! ሥዕል ናት እኮ። የመኪና የኋላ ስፖንዳ ላይ። ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ። የልጅ ልጅሽ ከሥሯ ሆኖ ቅርፊቷን ይቀባል። ያውም በሥራ ሰዓት፤ ያውም የመንግሥት ሱሪውን እንደለበሰ።»

«የሰው ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች ታስሪፋህ። «ኢማሙን ጠርቼ አጋባቸው ነበር።»

ዩ ዋስሪ ከሄደች በኋላ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ቀረ። ፋትኩር፣ እናትና አባቱ ጃካርታ ሄደው ምግብ ቤት ከከፈቱ ጀምሮ በእሷ እጅ ያደገ ልጅ ነው። እሷ ደግሞ ሰው የሚፈራውን ሁሉ አስቀድማ እየፈራች ነው ያሳደገችው። ዝናብ ሲመጣ መብረቁን፣ ዝናብ ሲጠፋ በሽታውን፤ ዓሣ ሲበላ አጥንቱን፣ ሳይበላ ክሳቱን። እንዳይሰምጥ ብላ ዋና ከለከለችው፤ ዋና ስለማይችል ደግሞ ጎርፍ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ አጣች።

ከዚህ ሁሉ ያሳረፋት ነገር ቢኖር ልጁ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት መቀጠሩ ነው። ካኪ የደንብ ልብስ፣ የራሱ ወንበር፣ የወር ደመወዝ፣ ከሁሉም በላይ ጡረታ። ጡረታ ለእሷ አጎበር ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ልጁን ከላይ የሚሸፍንላት ነገር። አሁን ይህን አጎበር ለአንዲት ዓሣ ብሎ ሊቀድደው ነው።

ፋትኩር ከመግሪብ በፊት ሲመጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ነዳጅ ነዳጅ ትሸታለህ።»

«ሰምተሻል ማለት ነው» አለ ጫማውን እያወለቀ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። የሰማችው ዩ ዋስሪ ናት። ያየችውም እሷ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና።»

ፋትኩር ሳቁን ዋጠና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «መልቀቂያ አስገብቻለሁ፣ ምባህ። ሰዓሊ ልሆን ነው።»

«ሰዓሊ! ሰዓሊማ ጸጉሩን አስረዝሞ፣ ሥዕሉን በመስታወት አስደርጎ፣ ሀብታም ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ነው። አንተ የምትቀባው ጭቃ የሚፈናጠርበትን ነው።»

«ሀብታም ቤት የተሰቀለውን ማን ያየዋል? ባለቤቱና ዝንቡ። የእኔን ከኋላ የተሰለፈ ሁሉ ያየዋል፣ ወደደም ጠላም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ግማሽ ቀን ሙሉ ያየዋል።»

«ስትታመምስ ማን ያሳክምሃል? ዓሣዋ?»

«ምባህ...»

«ከመሰላል ስትወድቅስ? ሳንባህ ቀለም ሲሞላስ? እኔ ስሞትስ?»

ፋትኩር ጥፍሩ ሥር የደረቀውን ቀለም ሲፈነቅል ቆየና «ለማንኛውም ገና አልተለቀቅኩም» አለ። «ኃላፊያችን ፓክ ሱባጊዮ አልፈርምም ብሏል። ያሳደገችህ አያትህ ናት፤ እሷ በአፏ እሺ ካላለች ወረቀትህ ከሻይ ብርጭቆዬ ሥር አይነሳም አለኝ። ሐሙስ ራሱ መጥቶ ይጠይቅሻል።»

ታስሪፋህ መንግሥት ጭንቅላት እንዳለው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነች።

«እምቢ ነው የምለው!»

«መብትሽ ነው» አለ ፋትኩር። «እምቢ ካልሽ እመለሳለሁ። ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ቡሩሽ የሚባል አልነካም፣ አንድ ቀን እንኳ አላማርርብሽም።»

ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም፤ እሷንም ያስፈራት ይኸው ነው። ያለውን የሚያደርግ ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ከዘይቱን ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ «አላለቅስም» አለ፣ አላለቀሰም። ሰፈር እስኪሰማ ያለቀሰችው እሷ ናት።

በማግስቱ ምሳ ቋጥራ ወደ መኪኖቹ ግቢ ሄደች። ምሳው ሰበብ ነው። ልጇን የሚያበላሽባት ማን እንደሆነ በዓይኗ ለማየት ነው።

አበላሺው ካንግ ዱልጋኒ የሚባል ሾፌር ሆኖ ተገኘ። ሆዱ ከመሪው ጋር ሲገፋፋ የኖረ፣ ሽንኩርት ጭኖ በባሕሩ ዳርቻ መንገድ የሚመላለስ ሰው ነው። የዓሣዋ ሴት ያለችው በእሱ መኪና ስፖንዳ ላይ ነው። እሱ ግን አልተደሰተባትም።

«አጥፋልኝ ይቺን ሴትዮ!» ይለው ነበር ፋትኩርን። «ከሣልክልኝ ወዲህ ከኋላዬ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ቂጤ ውስጥ ካልገባሁ ይላል። አንዱማ ሊያያት ብሎ መጥቶ ገጨኝ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ይቅርታ ወንድሜ፣ ዓይኗን እያየሁ ነበር።› ዓይኗን!»

«ነብር ላድርግልህ?»

«ነብርማ ሁሉም አለው። ደግሞ አትቀየመኝ፣ ያንተ ነብር ድመት ነው። እኔ የምፈልገው ያየው ሰው ደንግጦ ወደ ኋላ የሚልለትን ነገር ነው።»

ታስሪፋህ የገባችው በዚህ መሀል ነው። ልጁ መሰላል ላይ ነው፤ መሰላሉ ይወላገዳል፤ አፍንጫው ላይ ጨርቅ እንኳ አላሰረም። የምሳውን ቋጠሮ በአንድ እጇ ይዛ የሌላውን እጇን ጣት ቀሰረች።

«ውረድ! አሁኑኑ ውረድ! ይሄ መሰላል ነው ወይስ ቃሬዛ? አንተ ወፍራሙ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታያለህ፣ አትይዝለትም? ደግሞ ሲጋራ! ቀለም ባለበት ሲጋራ! እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?»

ካንግ ዱልጋኒ ሲጋራውን መዳፉ ላይ አጠፋው። ጥላ ሥር ተጋድመው የነበሩት ሾፌሮች ብድግ አሉ። አንዱ ጎማ ኋላ ተደበቀ፤ ሌላው ማንም ሳያዘው ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ፋትኩር ከመሰላሉ ሲወርድ ዱልጋኒ የተቃጠለ መዳፉን እየነፋ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሹክ አለው። ፋትኩር አያቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ምሳውን ተቀበላትና ወደ መኪናው ኋላ ተመለሰ።

ታስሪፋህ በጋቢናው በኩል ቆማ ንግግሯን ቀጠለች። ብዙ የሚባል ነገር ነበራት። ልጁ በየመሀሉ ከመኪናው ጥግ ብቅ ብሎ ያያትና መልሶ ይጠፋል፤ እንደገና ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። አፍሮ ነው ብላ አዘነችለት፤ ቢሆንም አላቋረጠችም። እስከ አስር ሶላት ድረስ ጣቷን እንደቀሰረች ቆማ ተናገረች። ሾፌሮቹ አልተከራከሯትም። ይልቁንም ውሃ አመጡላት። «ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉልን፣ ምባህ» እስከማለት ደረሱ። ሰው ምክር የሚሰማበት ዘመን ገና አላለፈም ብላ ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እምቢታ ስትለማመድ ሰነበተች። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ፓክ ሱባጊዮን የመሰለ ሰው በገበያ አነጋገር አይነጋገሩትም፤ ለትልቅ ሰው በሚነገረው በማዕረጉ አነጋገር ነው። ታስሪፋህ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፣ ጋዜጣም ታነባለች፤ ከማዕረጉ አነጋገር ግን አፏ ላይ የሚመጣላት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ኢንጊህ። ኢንጊህ እሺ ማለት ነው። ሰማሁ፣ ይቀጥሉ፣ አለሁ፣ አክብሮቴ አይጉደልብዎ ማለትም ነው። ከኢማሙም፣ ከመንደሩ ሹምም፣ ከጥርስ ሐኪሙም ጋር በዚያች ቃል ነው ስትግባባ የኖረችው። ሐኪሙ ጤነኛውን ጥርሷን የነቀለውም በዚያችው ቃል ነው።

እምቢ ደግሞ ምቦተን ነው። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ግን «ምግብ ይጨመር?» ሲሏት ካልሆነ ተናግራው አታውቅም። ስለዚህ ዶሮዎቿን ሰበሰበችና ተለማመደችባቸው። «ምቦተን!» አለችው አውራውን። አውራው ሸሸ። «ምቦተን፣ ጌታዬ» አለቻት ቄቧን። ሐሙስ ጠዋት ዶሮዎቹ በሙሉ አጥር ላይ ሰፍረው አንወርድም አሉ።

ፓክ ሱባጊዮ በነጭ መኪናው መጣ። የደንብ ልብሱ ካርቶን እስኪመስል ተተኩሷል። ፋትኩር መኪኖቹ ግቢ እንዲቆይ ስለተነገረው ቤት አልነበረም። የጃስሚን ሻይ ቀረበ፤ የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ ቀረበ። ታስሪፋህ የራስ መሸፈኛዋን አገጯ ሥር በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አነባብራ ተቀመጠች። ምቦተን ምላሷ ላይ ነው፤ እንዳይሟሟባት ፈርታ አፏን እንደገጠመች ነው።

«ጤናዎት እንዴት ነው፣ እናታችን?»

«ኢንጊህ።»

«ዝናቡም ጥሩ ነው ዘንድሮ።»

«ኢንጊህ።»

«እንግዲህ ስለ ልጃችን ነው የመጣሁት። ልጃችን ሌላ መንገድ የታየው ይመስላል።»

«ኢንጊህ» አለች፤ ሰማሁ ማለቷ ነው።

«ሥራው የተከበረ ሥራ ነው፣ እርግጥ ነው።»

«ኢንጊህ!» አለች በሙሉ ነፍሷ። እንደዚህ ያለ ኃላፊ ያብዛልን ብላ አሰበች።

«ቢሆንም ልብ ከሄደ ባዶ ሰውነት ወንበር ላይ ቢጎለት ምን ይሠራል?»

«ኢንጊህ» አመለጣት። ልትመልሰው ከንፈሯን ገጠመች። ምቦተን በከንፈር ነው የሚጀምረው፤ ያን ያህሉን አግኝታዋለች። «ምም...» አለች።

ፓክ ሱባጊዮ በዚህ ሰዓት የቴምፔውን ሳህን አንስቶ ወደ እሷ ዘረጋ። «እርስዎም ይቅመሱ እንጂ፣ እኔ ብቻ?»

«ምቦተን!» አለች ታስሪፋህ።

ጥርት ብሎ፣ አምሮ ወጣ። ቴምፔው ላይ አለቀ።

«እንግዲያው ሳህኑን ልመልሰው» አለ ኃላፊው በትሕትና። «ወረቀቱን ዛሬውኑ ልፈርመው ነው። ተስማማን ማለት ነው፣ እናታችን?»

አፏን ከፈተች። ባዶ ነበር። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ራሱ ወጣ።

«ኢንጊህ።»

ፓክ ሱባጊዮ ተነሳ። እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ እንዲህ ባለ ጨዋ ሰው ላይ በማያምር ፍጥነት ጫማውን ተጫማና መኪናው ውስጥ ገባ። ታስሪፋህ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። አጎበሩን በገዛ እጇ ቀደደችው። ያውም እየሰገደች!

የመኪናው አቧራ ሳይቀመጥ ሌላ መኪና በር ላይ ቆመ። ካንግ ዱልጋኒ ነበር። ሥዕሉ አልቆለት ሊያመሰግናት አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ መጥቷል። «ምባህ፣ ይኸውልዎ...» ማለት ሲጀምር ታስሪፋህ በባዶ እግሯ ወጥታ ጋቢናው ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

«ያንን ነጭ መኪና ያዝልኝ!»

ዱልጋኒ ከነሙዙ ቆመ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሾፌር ሆኜ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አለ ፊቱ በርቶ፣ እየዘለለ ገባ።

«ፍጠን!» አለችው ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ። «ቀስ በል! አውቶቡስ መጣ! ፍጠን አልኩህ፣ አመለጠን እኮ! ያ አላህ፣ ቀስ በል፣ ልጆች አሳድገህ አልጨረስክም! ፍጠን!»

«አንዱን ይምረጡልኝ፣ ምባህ!»

«ሁለቱንም!»

ነጩን መኪና ደረሱበትና አለፉት። ዱልጋኒ ሊያስቆመው ብሎ ቀስ አለ። ነጩ መኪናም ቀስ አለ። ዱልጋኒ ይብስ ቀስ አለ፤ ነጩ ደግሞ ከዚያ ብሶ ወደ ኋላ ቀረ። ሌሎቹም መኪኖች እንደዚያው፤ በመስታወቱ ሲታይ ከኋላቸው ያለው መንገድ ተጠርጎ የጸዳ ይመስላል።

«ምን ሆነው ነው የማይጠጉት?» አለች ታስሪፋህ።

«ማን ደፍሮ!» አለ ዱልጋኒ፣ ወዲያው ደግሞ አፉን በእጁ ያዘ።

ደግነቱ የባቡሩ መሻገሪያ ተዘግቶ ነበር። መኪናው ሲቆም ታስሪፋህ ወርዳ ጎን ጎኑን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ፓክ ሱባጊዮም ወርዷል። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ ከእሷ በላይ አየ፣ እንደገና እሷን። እሷ ዞር አላለችም። ሌላ ጉዳይ የላትም። ከንፈሯን ገጠመችና አወጣችው።

«ምቦተን።»

ፓክ ሱባጊዮ ፊቱ በፈገግታ ፈካ። «እንዴ እናታችን! ሊያመሰግኑኝ ብለው ይህን ሁሉ መንገድ? አይገባም ነበር እኮ።»

«ምቦተን! ምቦተን!»

«አይ፣ ማመስገንስ እኔ ነኝ ያለብኝ። እንዲህ ያለ ትሕትና ዛሬ የት ይገኛል!»

እሺ ስትለው እሺ ብሎ ወሰደው። እምቢ ስትለው ትሕትና ነው ብሎ ወሰደው። ታስሪፋህ ውስጥ የሆነ ክር ተበጠሰ።

«አንተ!» አለችው።

ካንግ ዱልጋኒ ጋቢናው ውስጥ ፊቱን በሙዙ ሸፈነ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ! እሺ ያልኩህ እሺ ለማለት አይደለም፤ ላክብርህ ብዬ ነው! ልጄን መልስልኝ! ወንበሩ ላይ መልሰህ ቁጭ አድርግልኝ። ገባህ አልገባህም?»

በሞተር ብስክሌት የቆመ አንድ ጎረምሳ ሞተሩን አጠፋ። ፓክ ሱባጊዮ አንገትጌውን ፈታ፤ ትከሻው ወረደ፤ ሲናገር በገበያው አነጋገር ነበር።

«እሺ፤ እንደሱ ከሆነ እኔም ልንገርሽ» አለ። «ልጅሽ የማይረባ ጸሐፊ ነው!»

«ምን አልክ?»

«የማይረባ! የመሬት ካርታ ላይ ይሥላል! ባዶ ቦታ ካየ እጁ አያርፍም። የሁለት ወንድማማቾችን እርሻ ካርታ አዘጋጅ ብለው መሀሉ ላይ የዓሣ ኩሬ ሣለበት። ኩሬ የለም! ኖሮም አያውቅም! አሁን ሁለቱ ኩሬው የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባብለው ፍርድ ቤት ቆመዋል። ዳኛው ኩሬውን ሊያይ ሄዶ ሩዝ መሀል ቆሞ ተመለሰ።»

ታስሪፋህ «ዓሣስ አለበት?» አለች።

«ምኑ?»

«ኩሬው።»

«ሦስት። አንደኛው ይስቃል።»

«እና አላማረም?»

«ማማሩ ነው እኮ ጦሱ! ባያምር ማን ይጣላበት ነበር?»

«እና እንዲህ ያለውን ልጅ ነው የማይረባ የምትለው!» ጣቷ ተነሳ። «ምነው ታዲያ ካልረባህ አላባረርከው?»

«የመንግሥት ሠራተኛ እንዴት ነው የሚባረረው? ከዚያ ጡረታውን መጠበቅ ይቀላል። ራሱ ልልቀቅ ሲለኝ ሱጁድ ወረድኩ። አያትህ ትፍቀድ ያልኩትም ሱባጊዮ የሟች ባሏን ወዳጅነት ረስቶ የልጅ ልጇን አባረረ እንዳልባል ነው። ኢንጊህ ስትዪኝ ልስምሽ ምንም አልቀረኝ።» ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ይሁን። ወረቀቱ ገና አልተፈረመም። በዚሁ ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ ንገሪኝ። መልሰው ካልሽኝ እመልሰዋለሁ፤ አንቺን እምቢ ልል አልችልም። ይሂድ ካልሽም እፈርማለሁ። የቱ ነው?»

ልትመልስ ስትል ባቡሩ መጣ። ረጅም የዕቃ ባቡር ነበር፤ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ መጮህም መስማትም የለም። ፓክ ሱባጊዮ በጣቱ ከትከሻዋ በላይ አመለከታት። ዞረች።

ስፖንዳው ሙሉ እሷ ናት። ዓሣዋ ጠፍታለች። አንዲት አሮጊት ከመኪናው ልትወጣ ምንም ያልቀራት መስላ ጣቷን ቀስራ ታፈጣለች፤ ከሥሯ በትልልቅ ቀይ ፊደል «እስቲ ተጠጋ! ለእናትህ ነው የምነግራት!» የሚል ተጽፎበታል።

መጀመሪያ ልትሞት ደረሰች። የባሕሩ ዳርቻ አገር ሁሉ ሊያያት ነው፤ ያውም ከሽንኩርት ጋር። ግን ማየቷን አልተወችም። ሐኪሙ የነቀላት ጥርስ ቦታው ክፍት ነው። አገጯ ሥር ያለው መርፌ ቁልፍ ጠማማ ነው፤ ስትጨነቅ እንደዚያ ነው የምትሰካው፣ እሷ ራሷ አሁን ነው ያወቀችው። ቀሳሪዋ ጣት ትንሽ ተጣማለች። ቁጣው ደግሞ ከሩቅ ነው ቁጣ የሚመስለው። ጠጋ ብሎ ላየው ዓይኖቹ ፈርተዋል። ያቺ ሴትዮ ማንንም አትመታም፤ አንድ ሰው ከመሰላል እንዳይወድቅባት ነው የምትጮኸው። ባሏ አፈሩ ይቅለለውና ዕድሜውን ሙሉ አውራ ዶሮውን ሲያይ ኖሮ ሞተ፤ ይህን አላየም።

ልጁን ደግሞ ወንበሩ ላይ አሰበችው። «አላማርርብሽም» ብሏል። አያማርርም። ካኪውን ለብሶ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ ባዶ ቦታ ሲያይ ዓይኑን መልሶ፣ እስከ ጡረታው ድረስ ዝም ይላል። በተሰበረ ክንዱ ዝም እንዳለው። ያንን ዝምታ አንድ ጊዜ አይታዋለች። ሁለተኛ የምትችለው አልመሰላትም።

የባቡሩ ጭራ አለፈ።

«ፈርም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። እኔ በምን ነገር እርግጠኛ ሆኜ አውቃለሁ? ፈርም አልኩህ። ግን ቀለም ሲቀባ አፍንጫውን እንዲሸፍን እዘዝልኝ።»

«ከፈረምኩ በኋላማ ምን ሥልጣን አለኝ? የማዘው ሠራተኛዬ አይደለም።»

«እንግዲያው ከመፈረምህ በፊት እዘዘው! የመሰላሉንም ነገር ጨምርበት። ምሳውንም እንዳይረሳ። በማኅተም አድርገው።»

ፓክ ሱባጊዮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ወደ ማዕረጉ አነጋገር ተመልሶ ነበር። «እንደ ፈቃድዎ፣ እናታችን» አለ። ከኋላው ክላክሱ መንጫጫት ጀመረ፤ ያም ሆኖ አንድም መኪና አልተጠጋም።

ዱልጋኒ ወደ ግቢው ሲመልሳት መንገዱን ሁሉ ቀስ እያለ ነዳ፤ እሷም ቀስ በል አላለችውም። ዝምታዋ ስላስፈራው ሙዝ ልጦ ሰጣት። ተቀብላ በላች።

ፋትኩር ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ስትወርድ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ቀለም እንዳለበት አይቶ መልሶ ሰበሰበው።

«ሥዕሉን አየሽው?» አለ።

«ጆሮዬ እንደዚያ አይተልቅም።»

«ይተልቃል፣ ምባህ።»

«ለሥዕሉ ብለህ ነዋ ትልቅ ያደረግከው!»

«ለሥዕሉ አይደለም። ትልቅ ስለሆነ ነው።» ቀለም ያለበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ፓክ ሱባጊዮን ምን አልሽው?»

አንገቱ ላይ ከጸጉሩ እስከ ሸሚዙ የወረደ ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። የመሸፈኛዋን ጫፍ በምራቋ አረጠበችና አንገቱን ጎትታ ትፈትገው ጀመር፤ ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩ።

«ከነገ ጀምሮ» አለች እየፈተገች፣ «ቁርስህን ሳትበላ ከቤት አትወጣም። ሰዓሊ ነኝ ብለህ ጸጉርህን ታስረዝምና አብረን አንኖርም። ለዚያ ለወፍራሙም ንገረው፣ አዲስ መሰላል ይግዛ።»

ፋትኩር አንገቱን አቀረቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ይሳቅ ያልቅስ አልለየችውም፤ ወደ ላይ ቀና እንዲል አላደረገችውም።

«አጥብቀሽ አትፈትጊው፣ ምባህ» አለ በመጨረሻ። «የመኪና ቀለም ነው። አይለቅም።»

«በሳሙናስ?»

«በሳሙናም አይለቅም።»

«እስቲ ዝም በል» አለችው፣ መሸፈኛዋን እንደገና አረጥባ ፈተገችው።